እግር የሚያነሣ እሪታ

ጡረታ የሚባለው ደብተር ላለው ሰው ነው። የኔ ጡረታ ጉልበቴ «በቃኝ» ያለኝ ቀን ነው። ገደሉ አጠገብ ቆሜ ውዬ፣ አረፍ ልበል ብዬ ቁጢጥ አልኩና መነሣት አቃተኝ። ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ይዘው አነሡኝ።

«እማማ በየነች፣ እንግዲህ ይብቃዎት። ገደሉን ለኛ ይተዉልን» አሉኝ።

«ገደሉ እኮ የኔ አይደለም፤ የኔስ እናንተ ናችሁ» ብዬ ተውኩላቸው።

ይቺ የልጄ ልጅ ቤዛ ደግሞ «የሠሩትን ሥራ ይንገሩኝና ልጻፈው» ብላ ብዕር ይዛ ፊቴ ተቀምጣለች። ልጄ፣ የኔ ሥራ መጮህ ነበር። ሌላው ይቆፍራል፣ ሌላው ይሸከማል፣ ሌላው ያነጥፋል፣ እኔ እጮሃለሁ። ጮኾ ስንዴ የበላ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በላሁ። ትስቃለች እንጂ እውነቴን ነው። ጻፊው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ገብሳችንን አመዳይ መታው። እሸቱ ማታ አረንጓዴ ሆኖ አድሮ ጠዋት እንደተቃጠለ ሣር ቆመ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና ባና፣ የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ይሠራ ነበር፣ እኔ የበጉን ጠጉር እፈትልለታለሁ። ገብስ በሌለበት ዓመት ባና ማን ይገዛል? በጎቹም አንድ በአንድ ለሞላሌ ገበያ ሄዱ። ያን ጊዜ «መንገድ ለሚሠራ ስንዴና ዘይት ይሰጣል» ተባለና ከየቤቱ ሰው ወጣ። ባሌ ደረቱን ያመው ስለነበር ከኛ ቤት የወጣሁት እኔ ነኝ።

ሥራው ገረጋንቲ ማውጣት ነው። መኪና ጭቃ እንዳይውጠው መንገድ ላይ የሚነጠፈው ፍርክስክስ ድንጋይ። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ካለ ገደል ይቆፈራል። ወንዶቹ በዶማ ይንዳሉ፣ ሴቶቹ በባሬላ ሁለት ሁለት ሆነን እንሸከማለን። ገደልን ከላይ ወደ ታች መቆፈር ያደክማል። ስለዚህ ወንዶቹ ከሥሩ ይፈለፍሉታል፤ ሥሩ ሲጎድል ላዩ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ከሥር የተፈለፈለውን «ብብት» እንለዋለን። ብብት ይሞቃል። የመንዝ ነፋስ ፊት ሲልጥ፣ ሰው ቆሎውን ይዞ እዚያ ይጠለላል። የምንጠለለው ሊወድቅ በተዘጋጀ ነገር ሥር መሆኑን ማን ልብ ይላል? ብርዱ ዛሬ ነው፣ ገደሉ ነገ ነው ይላል ሰው።

ካቧችን ጋሽ ሽፈራው ይባሉ ነበር። ካቦ ማለት የሠራተኛ አለቃ ነው። ከንጉሡ ጊዜ ጀምረው መንገድ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። አንድ ጣታቸው የለም። «የት ሄደ?» ሲሏቸው «ለመንገድ ሰጠሁት፣ እግሬን እንዳይጠይቀኝ» ይላሉ።

ጠዋት ሰው ዶማውን ሳያነሣ እሳቸው ዱላቸውን ይዘው ወደ ገደሉ አናት ይወጣሉ። «ገደል ሊወድቅ ሲል መጀመሪያ ራሱን ያመዋል» ይላሉ። በዱላቸው መታ መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ። ድምፁ ድፍን ከሆነ ያልፋሉ፤ እንደ ባዶ እንስራ ካስተጋባ ይቆሙና በጉልበታቸው ተንበርክከው ስንጥቅ ይፈልጋሉ። ፀሐይ ወጥታ አመዳዩ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ደግሞ አንድ ሰው ወደ ብብት አያስገቡም። ሌሊቱን ብርድ ጨብጦ የያዘው አፈር፣ ጠዋት ሙቀት ሲያገኝ ነው የሚከዳው።

ከዚያ ወርደው ሰውን ይሰበስቡና «ማን ምን አየ?» ይላሉ። ብለው ዝም ነው። ሰው ዝም ሲል እሳቸውም ዝም። የጨነቀው ያስላል፣ ያልጨነቀው እግሩን ያክካል፣ እሳቸው ዝም። መጀመሪያ የሚጠይቁት ሴቶቹንና ትናንት የገባውን አዲስ ሰው ነው። «የቆየ ሰው ዓይኑ ለምዷል፤ የለመደ ዓይን ደግሞ አያይም» ይላሉ። አንዱ «ጠጠር ሲንሸራተት ሰማሁ» ብሎ ሥራ ቢያስፈታና ነገሩ ከንቱ ሆኖ ቢገኝ፣ አይቆጡም። ከኪሳቸው የራሳቸውን ቆሎ ይዘግኑና በእጁ ላይ ያደርጉለታል። «ከንቱ ሆኖ የቀረ ፍርሃት ቆሎ ያስበላል» ይሉታል። እኔ ልቤን መጀመሪያ የነካው ይሄ ቆሎ ነው። ሥራ ያስፈታውን ሰው የሚያበላ አለቃ እስከዚያ ድረስ አይቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን አናቱ ላይ ስንጥቅ አገኙ። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ካስማ ቸከሉና ሲባጎ ወጠሩበት፤ መሬቱ ከተንቀሳቀሰ እንዲያሳብቅ። ሲባጎው ግን ጤዛ ሲጠጣ ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ይላላል። ገደሉ ይሁን ጤዛው የሚጎትተው አይታወቅም። ባሬላዬን አስቀምጬ ሳያቸው ቆየሁና «ጋሽ ሽፈራው፣ የጠጉር ፈትል ላምጣልዎ?» አልኳቸው።

«የባና ፈትል? እሱማ ይለጠጣል።»

«የሚለጠጠው ለባና ስንል አላልተን የምንፈትለው ነው። ቀጭን አድርጌ ካከረርኩት እንኳን ገደል፣ ዝንብ ብታርፍበት ይበጠሳል። ጠጉሩን ሳላጥበው ከፈተልኩት ደግሞ ቅባቱ ጤዛ አያስጠጋውም።»

«ማን ነው አንቺን እስከ ዛሬ ድንጋይ ያሸከመሽ!» አሉና ሳቁ። «ያሸከሙኝማ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። በማግስቱ ፈትሉን ይዤ መጣሁ። ከዚያ ወዲያ ባሬላ አልያዝኩም። ከገደሉ ጎን ካለች ጉብታ ላይ፣ ላዩም ታችም ከሚታይበት ቦታ ቆሜ ፈትሌን እጠብቃለሁ።

ወንዶቹ መች ተዉኝ! ከሁሉ የባሰው ደምሴ ነበር። ደምሴ የቀድሞ ወታደር ነው፤ ጦሩ ሲበተን በእግሩ አገሩ ገብቶ አስካለን አገባ። ድምፁ ያምራል፣ ሰውነቱ ግንድ ነው፣ ዶማው እሱ እጅ ላይ ማንኪያ ይመስላል። ቀና ብሎ ያየኝና ዘፈኑን ያወርደዋል፤

«ገደሉን የፈራ ወደ ኋላ ያለ፣
ከናቱ ጋር ሆኖ ጠጉር ይፍተል አለ!»

ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም «ና እስቲ ፍተል! ዶማ እንጂ እንዝርት መች ይታዘዝልሃል!» እለዋለሁ። «እትዬ፣ እንዝርትሽ ጦርነት ገብቷል?» ይለኛል። ምሳ ሲሆን ደግሞ ጉብታዋ ላይ ወጥቶ ውኃ የሚያቀብለኝ እሱው ነው።

ግን ችግሩ እዚያ ዘፈን ውስጥ ነበር። ፈትሉ ሲወጠር «ውጡ!» እላለሁ። ቀድሞ የወጣ ሰው ፈሪ ሊባል ነው። ስለዚህ ማንም ቀድሞ አይወጣም። እየተያዩ ይቆፍራሉ። ጋሽ ሽፈራው ራሳቸው ወርደው በእጃቸው እየጎተቱ ያወጧቸው ነበር፣ ልክ ከጎመን ማሳ ውስጥ በግ እንደሚወጣ።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች በአካፋ ይገባኛል ተጣሉና ዶማ ተማዘዙ። አንዲት ባሬላ የያዘች ሴት «በሕግ አምላክ!» አለች። ሁለቱም ዶማቸውን እንዳነሡ ደርቀው ቀሩ። በኛ አገር ይህ ቃል ከተጠራ፣ የጠራው ሕፃን ልጅም ቢሆን፣ ሰው ባለበት ይቆማል፤ ጠሪው ካልለቀቀው ንቅንቅ አይልም። የቆመውን ማንም ፈሪ አይለውም፤ ሕግ ያከበረ ነው። ጋሽ ሽፈራው ይህን አይተው ዱላቸውን መሬት መቱ።

«አገኘነው! ማንም ጠጠር ያየ ሰው በሕግ አምላክ ይበል። ሁሉም ይቁም። እኔ ገደሉን አይቼ በተራ አወጣችኋለሁ።»

ሠራ፣ ልጄ። ክረምት ወጥቶ በጋ እስኪገባ ሠራ። ስንቴ ጠራሁ፣ ስንቴ ዶማ አየር ላይ ቆመ፣ ስንቴ ሰው በወጣበት ገደሉ ወረደ። ስንዴ ሲታደል ሴቶች ያቅፉኝ ነበር። እኔም ኮራሁ።

ከጥምቀት በኋላ ነው። ጋሽ ሽፈራው የስንዴውን ነገር ሊያስጨርሱ መሐል ሜዳ ከተማ ተጠርተው ሄደዋል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ዘፈኑም አለ። ፈትሌን ሳየው ተወጠረች፣ ከዚያ ጫፏ እንደ ተቆረጠ ጅራት ወደ ኋላ ዘለለ።

«በሕግ አምላክ!»

ሁሉም ቆመ። ባሬላውም፣ ዘፈኑም። ሜዳው ላይ የነበሩት ሜዳው ላይ ቆሙ። ደምሴ ብብት ውስጥ ነበር። ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ እግሩን ገጥሞ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ አለ። ወታደር ነዋ! ቀና ብሎ አየኝ፣ ዓይኑ እየሳቀ።

«እትዬ፣ ልቀቂና እንጂ!» አለኝ።

ውጣ ልለው አፌን ስከፍት ገደሉ ቀደመኝ።

ከዚያ በኋላ ነው እሪ ያልኩት። እሪ ስል አገሩ ሁሉ ደረሰ፤ ከእርሻ፣ ከቤት፣ ከወፍጮ። ዶማ ያለው በዶማ፣ የሌለው በእጁ ቆፍሮ ደምሴን አወጣው። የሚወጣው ወጣ፣ ነፍሱ ግን አልተገኘችም።

ቤቴ ገባሁ። እንዝርቴንም አልነካሁ። ሰው «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ይለኛል። ጥፋት የማን እንደሆነ እኔ መች ጠየቅኩ? እኔን የሚበላኝ ሌላ ነው። ደምሴ ቃሌን ሰምቶ፣ አክብሮ፣ ታዝዞ ሞተ። ባይሰማኝ ኖሮ፣ እንደ ድሮው እምቢ ብሎ እየቆፈረ እየተንቀሳቀሰ ቢሆን፣ ማን ያውቃል። ከእንግዲህ በምን አፌ ሰው እጠራለሁ?

ጋሽ ሽፈራው መጡ። ደጃፍ ላይ ተቀመጡና እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። ቆይተው፣

«ፈትሉ ዋሸ?» አሉኝ።

«አልዋሸም።»

«ዓይንሽስ?»

«አልዋሸም።»

«እንግዲያ የከዳን ቃሉ ነው። ቃሉን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። የሚጣላን ሰው የሚያቆም ቃል አምጥቼ፣ መሮጥ ያለበትን ሰው አቆምኩበት። ሌላ ቃል እንፈልግ፣ በየነች።»

«ሌላ ሰው ይፈልጉ» አልኳቸው። ተነሥተው ሄዱ። ዱላቸው ያን ቀን ከበድ ያላቸው መሰለኝ።

የደምሴ አርባ ሲደርስ አስካለ ቤት መሄድ ግድ ሆነብኝ። ደጁ ላይ ሰው እስኪወጣ ቆሜ ቆየሁ። አስካለ ጓዳ ውስጥ ገብስ ትለቅማለች። ብቻዋን ነች። አየችኝ፣ ሰፌዱን ጠጋ አደረገችልኝ። እኔም ተቀምጬ መልቀም ጀመርኩ። ከዚያ ቀና ሳትል፣

«እትዬ በየነች፣ ያን ቀን እሪ ስትዪ እኔ እዚህ ጓዳ ነበርኩ» አለችኝ። «ድስት እሳት ላይ ጥጄ ነበር። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ማን እንደሆነ አላወቅኩም። እግሬ ቀድሞኝ ወጣ። ገደሉ ጋ ስደርስ ማማሰያው እጄ ላይ ነበር።»

አንድ ጠጠር ለቅሜ ጣልኩ።

«ደምሴም እንደዚያው ነው» አለች። «እሪታ ሲሰማ ተቀምጦ አያውቅም። አንዴ የጎረቤት ቤት ሲቃጠል በልቶ ሳይጨርስ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ነው የሮጠው። እሪታው ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ይሮጥ ነበር።»

ልትወቅሰኝ አይደለም። ድምፅዋ ውስጥ ቂም ብፈልግ አጣሁ። እንዲያው ስለ ባሏ የምታውቀውን ነገረችኝ። ለኔ ግን ደረቴን የሰነጠቀው እሱ ነው። ሰፌዱን ይዤ አለቀስኩ። እሷም መጥታ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አደረገች። ባሏ የሞተባት እሷ፣ የምትጽናናው እኔ።

ከዚያ ቤት ወጥቼ በቀጥታ ጋሽ ሽፈራው ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ሰው እሪታ ሲሰማ ወዴት ነው የሚሄድ?» አልኳቸው።

«ወደ ጩኸቱ ነዋ።»

«ሲሮጥስ ፈሪ ይባላል?»

አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ፈሪ የሚባለውማ የቀረው ነው። የመንዝ ወንድ ከገደል ሸሽቶ አይሮጥም፤ ሴት እሪ ስትል ግን ቀድሞ ለመድረስ ይጋፋል። ያው አንዱ እግር ነው፣ ያው አንዱ ሩጫ። ጋሽ ሽፈራው ሳቁ፣ ከሳቁ በኋላ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

በነጋታው ሥርዓት አወጣን። የምትጠራው እኔ ነኝ፣ ግን ከጉብታዋ ላይ አይደለም። ጉብታዋም ብትሆን ገደል ናት። ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ፣ ገደሉ ቢወድቅ ድንጋይ የማይደርስበት ቦታ እቆማለሁ። ፈትሉን አስረዘምኩ። ከአናቱ ካስማ አውርጄ፣ በትንንሽ ባላዎች እያሻገርኩ፣ ጫፉን በጣቴ ያዝኩት። ከብብቱ እስከኔ ያለው መንገድ ባዶ መሆን አለበት፤ ባሬላ አይጣልበት፣ አካፋ አይጋደምበት። ጋሽ ሽፈራው በየጠዋቱ ያንን መንገድ ራሳቸው ጠጠር ይለቅሙለት ነበር። «ይህን የሚለቅም ሌላ ሰው የለም?» ሲባሉ «የሚሮጡበት የኔ ሰዎች አይደሉም?» ይላሉ።

ከዚያ «እንሞክረው» ተባለ። የመጀመሪያ ቀን እሪ አልኩ። ቆፋሪዎቹ ሮጠው መጡልኝ፤ አንዱ ሌላውን እየገፋ፣ እየሳቀ። ግን እነሱ ብቻ አይደሉም የመጡት! ከወንዙ ማዶ ዱላ የያዘ መጣ፣ ከመንደሩ ውኃ የያዘ መጣ፣ አንዲት ሴት ሊጥ በእጇ እንዳለ መጣች። የደብሩ ቄስ አባ ወልደ ሥላሴ ጥላቸውን ይዘው እያለከለኩ ደረሱ።

«ማን ሞተ? ማን ሞተ?»

«ማንም እንዳይሞት ነው፣ አባ» አልኳቸው።

«ታዲያ ማንም ሳይሞት እኔን ልትገድዪኝ ነው?» ብለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ጋሽ ሽፈራው ኪሳቸውን ገልብጠው ለመጣው ሁሉ ቆሎ አደሉ። አልበቃም፤ ለአንዳንዱ ሁለት ፍሬ ደረሰው። አባ ወልደ ሥላሴ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ነገሩን ሰሙና፣ በእሑዱ ቅዳሴ ሲያልቅ ለሕዝቡ ተናገሩ፤ «ከገረጋንቲው በኩል እሪታ ብትሰሙ የበየነች ሥራ ነው፤ ሁለተኛ ከደገመች ግን ድረሱ።» እንዲህም ተብሎ ሳለ በመጀመሪያው የሚመጣ አልጠፋም። «ቢሆንስ ብዬ ነው» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትይዋለሽ?

ዘፈኑም ተለወጠ። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ አንድ ቀን ከብብት ውስጥ ሰማሁት፤

«እሪ ሲባል ሰምቶ ፈጥኖ የደረሰ፣
ማታ ከልጁ ጋር እንጀራ ቆረሰ።»

የቤቱ ሰው በሞት ሲጎድል ሥራው ለሚስት ያልፋል። አስካለ መጣች። ባሬላ ያዘች። እሷ ወደ ብብት በተጠጋች ቁጥር ፈትሉን ትቼ እሷን አያለሁ። «ሌላ ቦታ ይስጧት» ብዬ ጋሽ ሽፈራውን ለመንኳቸው። «ሌላው ሰው የማንም ባል፣ የማንም ሚስት አይደለም?» አሉኝ።

ጉም የወረደበት ቀን መጣ። የመንዝ ጉም ታውቂዋለሽ፣ የገዛ እጅሽን ይሰውርሻል። ጋሽ ሽፈራው «ጉሙ እስኪገፈፍ ሥራ የለም» አሉ። ነፋሱ ግን ብርቱ ስለነበር ሰው ቆሎውን ይዞ ብብት ገብቶ ተጠለለ። ቁፋሮ የለም እንጂ መቀመጥ ምን አለው ብሎ ነው። እኔ ከሜዳው ምንም አይታየኝም። የሰው ሳቅ ብቻ ይሰማኛል፤ የአስካለም ሳቅ አለበት። ከደምሴ ሞት ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጣቴ ላይ ፈትሉ ላላ። እንደ ሞተ ትል ወደቀ።

ምናልባት ነፋስ ነው። ምናልባት በግ ረግጦት ነው። ሐሰት ብሆንስ? ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። የደምሴም ዓይን መጣብኝ፣ እየሳቀ ልቀቂና ሲለኝ። ከዚያ ያቺ የአስካለ ማማሰያ ትዝ አለችኝ። አፌን ከፈትኩ።

እሪ! እሪ! እሪ!

ጉሙ ውስጥ የእግር ድምፅ ብቻ ነው። ዱብ ዱብ ዱብ። አንዱ ደረሰ፣ ትከሻዬን ያዘ። ሌላው ደረሰ። ሴቶቹ ደረሱ። የደረሰውን ሁሉ ፊቱን በእጄ እየዳበስኩ አየዋለሁ። አስካለ የለችም። እሪታዬን አላቋረጥኩም፤ መንገዷ የኔ ድምፅ ነው፣ ከቆመ ትጠፋለች። ከዚያ ነጠላዋ ወደ ኋላ ተጎትታ፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም፣ ከጉሙ ውስጥ ወጥታ ደረቴ ላይ ወደቀች። ተያይዘን እንደቆምን ከወዲያ አገር የሚያናውጥ ድምፅ ተሰማ። ገደሉ ወረደ። አቧራው ጉሙን አልፎ አፋችን ገባ።

ጋሽ ሽፈራው የሰውን ስም አንድ በአንድ ጠሩ። ሁሉም «አለሁ» አለ።

አስካለ የቀኝ እጇን ጨብጣ እንደያዘች ነበር። ዘረጋችው። ቆሎ ነው፤ ስትሮጥ አልጣለችውም። በእጄ ላይ ገለበጠችልኝና፣

«ከንቱ ሳይሆን ሲቀርስ ቆሎ አያስበላም?» አለችኝ።

በላነው። አቧራ አቧራ ይላል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ጋሽ ሽፈራው ከጥቂት ዓመት በኋላ በአልጋቸው ላይ፣ ልጆቻቸው ዙሪያቸውን ከበው ዐረፉ። እንዲህ ያለ ሞት ይሁን ለመንገድ ሠራተኛ ሁሉ። ስንዴው ቀርቶ ብር ሆነ፣ የሥራው ስም ተለዋወጠ፣ እኔ እዚያው ነኝ። አንድ ጊዜ የሥራ ደኅንነት የምትመረምር ልጅ፣ ሰናይት የምትባል፣ ወደ ገደላችን መጣች። ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቤ ቆማ ዋለች። ስትሄድ «እማማ፣ ደብረ ብርሃን የአለቆች ስብሰባ አለን፤ መጥተው ይንገሯቸው» አለችኝ። ሄድኩ። የፋብሪካ አለቃ አለ፣ የሕንፃ አለቃ አለ፣ የድንጋይ መፍጫ አለቃ አለ። ይህን የነገርኩሽን ነገርኳቸው። አንዱ ተነሣና፣

«እማማ፣ አገር አቀፍ የሥራ ደኅንነት እንዲሻሻል እኛ መሪዎች ምን እናድርግ?» አለኝ።

ወደ ሰናይት ዞርኩ። «ምን ማለቱ ነው?»

«በአገሩ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ማታ በእግሩ ቤቱ እንዲገባ ምን እናድርግ ነው የሚልዎት።»

«ታዲያ እንዲያ አይልም!» አልኩ። ሳቁ። «ልጆቼ፣ ጠዋት ማን ምን አየ በሉና ዝም በሉ። ዝምታው አያስፈራችሁ፤ ከዝምታው ውስጥ ሰው ይናገራል። በከንቱ ያስቆማችሁን ሰው አብሉት። ሰው የሚሮጥበትን መንገድ ራሳችሁ ጥረጉ። ስትጠሩት ደግሞ እግሩን በሚያነሣው ቃል ጥሩት። የኛ እሪታ ነው፤ የናንተ አገር ሰው በምን ጥሪ እንደሚሮጥ እሱኑ ጠይቁት።»

«ሥራ አይጓተትም?» አለ ሌላው።

«ደምሴን ስንቆፍር የዋልንበት ቀንስ ሥራ ተሠራ?» አልኩት። ከዚያ አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። «ሞታችሁን አትደብቁ» አልኳቸው። «ከኛ በፊት በሌላ ገደል ቁም ተብሎ ቆሞ የሞተ ሰው ይኖር ይሆናል። ቢኖር የነገረን የለም። ደምሴን ለሞላሌ ብቻ አትቅበሩት፤ ለየአገራችሁ ውሰዱት።»

ሰናይት ኋላ በስልክ ነገረችኝ። አለቆቹ አሁን በየጊዜው እየተገናኙ አንዱ የደረሰበትን ለሌላው ይናገራል። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ደወል ሲደወል ሰው ባለበት ይቆም ነበር አሉ፤ አሁን ወዴት እንደሚሮጥ መሬቱ ላይ በቀለም ተሠምሮለታል። ሁሉም ሰማ ማለቴ አይደለም። የሰማው ግን ደምሴን ሰምቷል።

እንግዲህ ጉልበቴ እምቢ ካለኝ በኋላ መሰናበቻ ብለው ጠሩኝ። ጋቢ አለበሱኝ። በኔ ቦታ የቆመችው አስካለ ናት፤ ጠጉሯ ሸብቷል፣ ፈትል አከራሩን ከኔ ተምራለች። ሰው በልቶ ሲጨርስ፣

«እትዬ፣ አንድ ነገር ቀርቶብሻል» አለችኝ። «ስትጠሪን ኖርሽ እንጂ አንድም ቀን ተጠርተሽ አታውቂም።»

እጄን ይዛ ወሰደችኝና ገደሉ አጠገብ፣ ቆፋሪዎቹ ከሚቆሙበት አስቀመጠችኝ። አሮጌው ብብት ተደርምሷል፣ የሚያስፈራ የለውም። እሷ ወደ ሜዳው ሄደች። ከሩቅ ቀጭን ሆና ታየችኝ። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እሪ አለች።

ልጄ፣ ይህ እግር አልታዘዝ ብሎኝ ሰው ነበር የሚያነሣኝ። ተነሣሁ። ማን እንዳነሣኝ አላውቅም፤ ሮጥኩ። የአሮጊት ሩጫ ነው፣ ግን ሩጫ ነው። ጎረምሶቹ ግራና ቀኝ ሆነው አብረውኝ ይሮጣሉ፣ አይቀድሙኝም፣ «እማማ! እማማ!» ይላሉ። መሐል ሜዳው ላይ፣ በስተኋላዬ፣ ሌላ የእግር ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ከባድ፣ እንደ ወታደር የተመጠነ፣ ዶማ ትከሻው ላይ ያደረገ ሰው የሚሮጠው ዓይነት።

ዞሬ አላየሁም። ቀድሞኝ እንዲደርስ ትንሽ ቀስ አልኩለት።